ከአምባሰል ሰማይ በታች፦ አይሮፕላን በአምስት ሚዛን

አይሮፕላን ከአይሮፕላን ሲወዳደር ዘወትር የሚነሡት መመዘኛዎች አምስት ናቸው፤ ውበት፣ ምቾት፣ ደኅንነት፣ ድምፅና ፍጥነት። ሠሪው ኩባንያ በማስታወቂያው፣ መንገደኛው በጉዞ ትዝታው፣ መሐንዲሱም በቁጥሩ ለእነዚህ አምስት ነገሮች የየራሱን ቅደም ተከተል ያወጣላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት ከፊት ይሰለፋል፤ ድምፅ ወደ ኋላ ይቀራል። በሐይቅና በአምባሰል ግን ታሪክ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። የደቡብ ወሎ ገበሬ አይሮፕላንን ያወቀው ተሳፍሮበት ሳይሆን ከሥሩ ቆሞ ነው። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ የደረሰው ድምፁ ነበር። ከድምፁ ቀጥሎ መልኩን አየ። ደኅንነቱን በገዛ ጣራውና በገዛ ልጆቹ መዘነው። ምቾትና ፍጥነት የሚባሉት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም ለጥቂቶች ብቻ የመጡ ናቸው።

የአገሩ አቀማመጥ ለዚህ ታሪክ መድረክ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ፣ በአጠገቧ ከተኛው ውሃና አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የትምህርት ማዕከል ካደረጉት ከእስጢፋኖስ ገዳም ጋር ስሟ ይነሣል። ከሐይቅ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው መንገድ የአምባሰልን ተራሮች እየታከከ ውጫሌ ይደርሳል። በዚህች ውጫሌ ነበር በ1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል ውሉ የተፈረመው። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ ያስከተለው ጠብ በዓድዋ ተራሮች መፍትሔ አገኘ። ይሁንና ኢጣሊያ ከውጫሌው ፊርማ 46 ዓመት በኋላ ወደ ወሎ ስትመለስ የመጣችው በብዕር አልነበረም፤ በክንፍ ነበር።

ድምፅ

አምባሰል በጆሮው የሚታወቅ አገር ነው። ከአራቱ ታላላቅ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ከዚሁ አምባ ወስዷል። የማሲንቆ ክር ጥቂት ሲላላ ወይም ሲጠብቅ የዜማው ስሜት እንዴት እንደሚለወጥ ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ከሰማይ የሚወርድ እንግዳ ድምፅ ተራ ነገር ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ፣ ባለ ድርብ ክንፍና ባለ አንድ ሞተር የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ ነጂው አንድሬ ማዬ ይባል ነበር። ከሰባት ወር በኋላ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንችም ሜዳ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ አይሮፕላን ዋለ። በመጀመሪያ የጳጳሱን ውግዘት የያዘ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ተጣለ። በሰሜኑ ደጋ አይሮፕላን ከሕዝብ ጋር የተዋወቀው እንግዲህ በአንድ እጁ ቃል፣ በሌላው እሳት ይዞ ነው። የጣለው ቦምብ በቁጥር ጥቂት ቢሆንም፣ ከራስ በላይ የሚያጓራው ድምፅ በሠራዊቱ መንፈስ ላይ ያደረሰው መናወጥ ከቦምቡ ጉዳት ያላነሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን በመጠኑም በዓላማውም የተለየ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ቦምብ ጣዮች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ነበሩ፤ ራሳቸውም በጸረ አይሮፕላን መድፍ ላይ ተቀምጠው ተኮሱ። በዚያ ዘመን በዚህ ሰማይ ላይ የተለመደው የጠላት ቦምብ ጣይ ካፕሮኒ ሲሆን፣ ባለ ሦስት ሞተር ነበር። ሦስት ሞተር ደግሞ አንድ ድምፅ አያወጣም። የሞተሮቹ ዙር በጥቂቱ ሲለያይ ድምፃቸው ይጋጫል፤ ከግጭቱም ከፍ ዝቅ የሚል፣ እንደ ማዕበል የሚመላለስ ጉርምርምታ ይወለዳል። ይህ ጉርምርምታ ከገደል ወደ ገደል ሲጋባ ጆሮ አቅጣጫውን ሊለይ አይችልም። በሜዳ አገር ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰው ከየት እንደመጣ አውቆ ወደ ሌላው ይሸሻል። በአምባሰል ሸንተረሮች መካከል ግን ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ መሸሺያም ያሳጣል። ከደሴ ወደ ሰሜን የዘመተው ሠራዊትም ቀን ቀን በጥሻና በገደል ተከልሎ፣ ሌሊት ሌሊት ለመጓዝ የተገደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባና በኮምቦልቻ መካከል የሚበረው ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በስሙ መነሻ ላይ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛ ጸጥታን የሚያመለክት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ዓይነት በ2002 ዓ.ም. ተረከበ። በመንገደኞቹ ክፍል ግድግዳ ላይ የተተከሉ ረቂቅ ማዳመጫዎች የሞተሩን ንዝረት ይለካሉ፤ መሣሪያውም ተቃራኒ ንዝረት ፈጥሮ አንዱን በሌላው ያጠፋዋል። ይህ ጸጥታ በመጀመሪያ የታሰበው ከውስጥ ለተቀመጠው ጆሮ መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል። በአይሮፕላን ታሪክ ውስጥ ከውጭ ያለው ጆሮ መብት ያገኘው ዘግይቶ፣ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ጎረቤቶች አቤቱታ ወደ ሕግ ከተለወጠ በኋላ ነው።

ውበት

በአምባሰል ውስጥ ግሸን የተባለ አምባ አለ። ግሸን ማርያም የምትገኝበት ይህ ተራራ መስቀለኛ ቅርጽ አለው። ይህ ቅርጽ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከላይ ለሚያይ ዓይን ነው፤ አበው ግን አይሮፕላን ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በእግራቸው ዞረው አውቀውታል። ከሥር ሆኖ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው ደግሞ አይሮፕላንም መስቀል ይመስላል፤ ክንፉ አግዳሚው፣ አካሉ ቋሚው ነው። እንግዲህ በመልክ ብቻ ቢፈረድ፣ የመስቀል አገር ሰው ይህን ፍጡር የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም።

ነገር ግን ውበት ከሥራ ተነጥሎ አይታይም። ካፕሮኒ በቅርጹ እንደ ሣጥን የተገጣጠመ፣ ሦስት አፍንጫ ያለው ከባድ ነገር ነበር። ፖቴዝ በአንጻሩ ድርብ ክንፎቹ በእንጨትና በሽቦ የተወጠሩ፣ ነጂው ራሱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቀመጥበት ቀላል አይሮፕላን ነው። ኢትዮጵያውያኑ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የበረራ ሙያ ተምረው የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ለመሆን የበቁት በእንዲህ ያሉ ቀላል አይሮፕላኖች ዘመን ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሥነ ውበት ጥያቄ የምታስነሣው ግን «ፀሐይ» ናት። ይህች አነስተኛ አይሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ በአዲስ አበባ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ስሟም የልዕልት ፀሐይ ነው። ደሴ በቦምብ በምትቃጠልበት ወር አካባቢ፣ በዚያው አገር ውስጥ የገዛ ክንፉን የሚገጣጥም እጅ ነበረ ማለት ነው። ወራሪው «ፀሐይን» ማርኮ ወደ ኢጣሊያ ወሰዳት። ለብዙ አሥርት ዓመታትም ከሮም በስተሰሜን በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆማ፣ ለጎብኚ መታያ ሆነች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። በፍጥነትም ሆነ በጉልበት ከማንኛውም የዘመኗ አይሮፕላን ጋር ብትወዳደር ወደ ኋላ ትቀራለች። ሆኖም አንድ ሕዝብ ሰማዩን በሌሎች መሣሪያ ሲነጠቅ፣ የራሱን መሣሪያ ለመሥራት መነሣቱን የምትመሰክር ስለሆነች፣ ውበቷን የሚፎካከር የለም።

ደኅንነት

ለመንገደኛ የአይሮፕላን ደኅንነት ማለት በሰላም ተነሥቶ በሰላም ማረፍ ነው። በ1928 ዓ.ም. ለደሴ ሕዝብ ይህ ትርጉም ከንቱ ነበር፤ ለእርሱ አደገኛው አይሮፕላን የሚወድቀው ሳይሆን የማይወድቀው ነው። በዚያ ድብደባ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመቱ። መስቀሉ ከላይ እንዲታይ ተብሎ በጣራና በሸራ ላይ የተሳለ ነበር፤ ከላይ ያየው ግን አልማረውም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ውጊያ ማግሥት፣ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ሲያፈገፍግ በነበረው ሠራዊት ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደ። የአንችምና የማይጨው ውጊያዎች ቀን፣ መጋቢት 22፣ አንድ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ስድስት ዓመታት ግን አይሮፕላን ከማስፈራሪያነት ወደ እልቂት መሣሪያነት ተሸጋግሯል።

የታሪክ ግጥምጥሞሽ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ደሴ በተደበደበች በ11ኛው ቀን፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዲሲ 3 የተባለ የመንገደኞች አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድም፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዚሁ አይሮፕላን ወታደራዊ አቻ በሆነው ሲ 47 ነው።

ይህ አይሮፕላን ለደጋው አገር ተስማሚ የሆነበት ምክንያት ሊታወቅ ይገባል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በሳሳ አየር ሞተሩ ይደክማል፤ መቅዘፊያው የሚይዘው ያጣል፤ ክንፉም አካሉን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ስለዚህ ረዥም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ ተራራማ አገር ደግሞ ረዥም ሜዳ አይገኝበትም። ዲሲ 3 ሰፊ ክንፍና እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሩት፤ በዝግታ ማረፍ ይችላል፤ ጠንካራ ጎማዎቹም ሣርና ጠጠር ይችላሉ። ላሊበላን የመሰሉ፣ በክረምት ጭቃ የሚሆኑ ሜዳዎች በበጋ ከዓለም ጋር የተገናኙት በእርሱ ነው።

አዲስ ሁሉ አሮጌውን በደኅንነት ይበልጣል የሚለው እምነትም በዚሁ ምዕራፍ መፈተን አለበት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ የተባለ አዲስ አይሮፕላን፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ሲል ተመሳሳይ አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም ላይ፣ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ የተቀበለውን የተሳሳተ መረጃ አምኖ፣ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፋ አውቶማቲክ ሥርዓት ተገኘ። የዓለም መንግሥታት አይሮፕላኑን ከበረራ ያገዱት ከሁለተኛው እልቂት በኋላ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ደኅንነት የዕድሜ ጉዳይ ሳይሆን፣ ሠሪው ለሚጓዘው ሰው ሕይወት የሰጠው ክብደት ነው።

ምቾት

የመጀመሪያዎቹ የአየር መንገዱ ሲ 47 አይሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ነበሩ። በግድግዳው ዳርና ዳር በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ መንገደኞች ይቀመጣሉ፤ ጭነት በመካከላቸው ይደረደራል። የአየር ግፊት መቆጣጠሪያ ስላልነበራቸው ሽቅብ ሲወጡ ብርዱም የአየሩ መሳሳትም ከመንገደኛው ጋር ይወጣ ነበር። በ1940ዎቹ የመጣው ኮንቬር፣ ከእርሱም ቀጥሎ ዲሲ 6 የተዘጋና ግፊቱ የተጠበቀ ክፍል ይዘው ሲመጡ ምቾት አዲስ ትርጉም አገኘ።

ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የተለመዱት ጄቶች ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበሩ፣ በውስጣቸው የሚጠበቀው የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ይኸውም ከሞላ ጎደል የደሴ ከፍታ ነው። አየር መንገዱ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ግን ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህም የኮምቦልቻ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ሠሪዎቹ እንደ ታላቅ የምቾት እመርታ ያስተዋወቁት ልዩነት፣ የወሎ ነጋዴ ከደሴ ቁልቁል ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሳንባው ዘወትር የሚያውቀው ነው።

ከወሎ ሕዝብ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአይሮፕላን የተሳፈሩት ግን በዚህ ዓይነቱ ምቾት አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በድርቅ የተጎዱ ገበሬዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለሠፈራ ሲወሰዱ፣ ከፊሎቹ በሶቪየት አንቶኖቭ 12 ተጓዙ። የዚህ አይሮፕላን የጭነት ክፍል ለዕቃ እንጂ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ የአየር ግፊቱም አይጠበቅም። በረሃብ የዛለ አካል፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ አገሩን ለቆ ወዴት እንደሚሄድ በውል የማያውቅ ሽማግሌ በዚያ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ተጓዙ። የአይሮፕላንን ምቾት የሚመዝን ማንኛውም ጽሑፍ የመቀመጫውን ስፋት ብቻ ለክቶ ይህን ቢያልፍ ሚዛኑ ጎደሎ ነው።

ፍጥነት

በፍጥነት መሰላል ላይ ፖቴዝ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ዲሲ 3 ወደ 270 ይጠጋል፤ ኪው 400 ከ650 በላይ ይደርሳል፤ በ1955 ዓ.ም. የጄት ዘመንን ለኢትዮጵያ የከፈተው ቦይንግ 720 ወደ 900 ይጠጋል። በዓለም የመንገደኞች አይሮፕላን ታሪክ ከፍተኛው ስም የኮንኮርድ ነው፤ በሰዓት 2,180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከድምፅ ሁለት እጥፍ ይፈጥን ነበር። ኮንኮርድ በውበቱም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ነገር ግን ክፍሉ ጠባብ፣ ጩኸቱ የበዛ፣ ዋጋው ከብዙኃኑ አቅም በላይ ነበር፤ ከድምፅ በላይ ሲፈጥን በሚያወጣው ፍንዳታ ምክንያትም ብዙ አገሮች በመሬታቸው ላይ በዚያ ፍጥነት እንዳያልፍ ከለከሉት። በ1968 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ በሐምሌ 1992 ዓ.ም. በፓሪስ አቅራቢያ ከደረሰበት አደጋ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በ1996 ዓ.ም. ከአገልግሎት ተሰናበተ። ከአምስቱ ሚዛኖች በሁለቱ አንደኛ የሆነው፣ በቀሩት ተሸንፎ ወረደ።

በአዲስ አበባና በኮምቦልቻ መካከል ደግሞ ጄት ብዙ አይጠቅምም። መንገዱ አጭር ስለሆነ የበረራው ዋና ክፍል በመውጣትና በመውረድ ያልቃል፤ ፍጥነቱን የሚያሳይበት ሜዳ የለውም። ከባለ መቅዘፊያው የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። ፍጥነት እንደ ፈረስ ጉልበት ነው፤ ሜዳ ካልተሰጠው አይታወቅም።

የፍጥነት እውነተኛ ፈተና የመጣው በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ አረፈ። ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች ጄት በዘመኑ ክብረ ወሰን ነበር፤ ለአገሪቱ የአቪዬሽን ሙያተኞችም የሚገባ ኩራት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የወሎ ዝናብ ቀርቶ ነበር። ውቅያኖስን በአንድ ጀምበር የማቋረጥ አቅም ያላት ዓለም፣ እህሏን ለመላክ ወራት ፈጀባት።

እርዳታው በመጨረሻ በአየር ሲመጣ ያመጣው ፈጣኑ አይሮፕላን አልነበረም። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ፣ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል፣ የሶቪየት አንቶኖቭና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ፤ ሁሉም ለጭነት የተሠሩ፣ ጩኸታቸው የበዛ፣ ለዓይን የማይማርኩ ናቸው። መኪና በማይደርስባቸው ደጋዎች ላይ ሄርኩለሶች ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ከመሬት ጥቂት ሜትር ያህል ዝቅ ብለው፣ በድርብ ጆንያ የታሸገ እህል ጣሉ። ከእነዚህ በፊት በ1966 ዓ.ም. የስዊድኑ ተወላጅ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በትናንሽ አይሮፕላኖች ክንፍ ሥር ጆንያ አንጠልጥሎ በድርቅ ለተጎዱ ተራራማ ቦታዎች እህል ጥሏል። ይህ ሰው በ1928ቱ ጦርነት ወቅት ለቀይ መስቀል የቁስለኞች አይሮፕላን ያበረረ፣ ከድል በኋላም የኢትዮጵያን አየር ኃይል መልሶ በማቋቋም የደከመ ሲሆን፣ በ1969 ዓ.ም. በጎዴ በጦርነት መካከል ሞተ። አይሮፕላን የሚጥለው ነገር ሞትም እንጀራም ሊሆን እንደሚችል በአንድ ሕይወቱ ያየና ያሳየ ሰው ነው።

አምስቱ ሚዛኖች እንግዲህ በራሳቸው የሚቆሙ አይደሉም። የካፕሮኒ ጉርምርምታና የሄርኩለስ ጉርምርምታ በጆሮ ቢለኩ ብዙ ላይራራቁ ይችላሉ፤ አንዱ ሰውን ወደ ዋሻ ሲያስገባ ሌላው ከዋሻ ያስወጣል። ዝቅ ብሎ መብረር በ1928 ዓ.ም. ሰውን አነጣጥሮ ለመምታት ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ጆንያው እንዳይፈነዳ ነው። ልዩነቱን የሠራው የሞተሩ ዓይነት ሳይሆን፣ መሣሪያው የተላከበት ዓላማ ነው። ከውስጥ የተቀመጠው መንገደኛ አምስቱን ሊቆጥር ይችላል፤ ከሥር የቆመው ግን ከአምስቱ አስቀድሞ «ይህ የሚመጣው ለእኛ ነው ወይስ በእኛ ላይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሲያውቅ ነው ድምፁ የሚለመድለት፣ መልኩም የሚያምርለት።

ይህ ጥያቄ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም። በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ የሚያስተምር መምህር ስለ 1928 ዓ.ም. ሲያስተምር የውጊያውን ቀን ከማስቆጠር አልፎ፣ ተማሪዎቹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን የሰማይ ወሬ እንዲጽፉ ሊያደርግ ይችላል። የመድረክ ሰውም ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ ከጀግናው ፉከራ ጎን፣ ከብቶቿን ወደ ጥሻ እየነዳች ሰማዩን የምታዳምጥ እረኛ ቦታ ልትኖራት ይገባል። የአምባሰል ቅኝት የሐዘንንም የፍቅርንም ዜማ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ደርሷል፤ ይህንንም የሰማይ ታሪክ የሚሸከምበት ክር አያጣም። «ፀሐይ» ከባዕድ ሐይቅ ዳር ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ የወሎ ሰማይ ታሪክ ደግሞ ከቤቱ አልወጣም፤ የሚያሻው የሚያዳምጠውና የሚጽፈው ሰው ነው።